የእታለም እጅ

ከእኔ በስተቀኝ ባለው መስኮት የምትቀመጠው እታለም ናት። ወላጆቿ ያወጡላት ስም ሌላ ነው፤ ታናሽ ወንድሟ እዚሁ መሥሪያ ቤት ሲቀጠር ከቤት የለመደውን አጠራር ይዞ መጣና በየኮሪደሩ «እታለም» እያለ ሲጠራት፣ ዘበኛውም ጸሐፊዋም ተቀበሉት። አሁን አለቃችን እንኳ ሌላ ስም እንዳላት ትዝ አይላቸውም። እሷ የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምስክር ወረቀት ጽፋ ታትማለች፤ እኔ ከእጇ ተቀብዬ ማኅተም እመታለሁ። እሷ ስትፈጥን እኔም እፈጥናለሁ፤ እሷ ስትዘገይ ማኅተሜን ይዤ ቁጭ ብዬ የባለጉዳይ ግልምጫ እቀበላለሁ። ስለዚህ ይህን ታሪክ ከእኔ ይበልጥ በቅርብ ያየ የለም፤ አለሁ የሚል ካለ ይዋሻል።

እታለም ያቺን መስኮት የምትወዳት ለወንበሩ ብላ አይደለም። ልጅ የወለደውን «እንኳን ደስ ያለህ፣ ስሟ ያምራል» ትለዋለች። ሰው የሞተበትን ዓይን ዓይኑን አይታ «እግዜር ያጽናህ» ትልና ወረቀቱን ትሰጠዋለች። እኔ ከጠዋት እስከ ማታ ጠረጴዛ ስደበድብ የምውል ሰው ነኝ፤ ለባለጉዳይ ደግ ቃል የሚወጣኝ አለቃ ከኋላዬ ሲቆም ብቻ ነው። እሷን ግን ሰው መንገድ ላይ አስቁሞ ያመሰግናታል። ያንን መስኮት ብትነጠቅ ምን እንደሚቀራት አስቤ አላውቅም ነበር።

ወንድምየውን ሐኪሙ እንለዋለን። የሚያክመው ሰው ሳይሆን ኮምፒውተር ነው። የታመመ ማሽን ሲያገኝ ጎንበስ ብሎ ጆሮውን ያስጠጋል፣ ጎኑን በጣቱ ቆርቆር ያደርጋል፣ «መቼ ጀመራት?» ብሎ ይጠይቃል። ዘበኛው አንድ ቀን «ምላሷን አውጥታ አሳይታሃለች ወይ?» ብሎት እስከ ዛሬ እንሥቅበታለን። ልጁ ግን ሥራውን ያውቃል። ቫይረስ የቢሮውን ኮምፒውተር አንድ በአንድ ሲፈጀው፣ ሁሉንም አጥቦ ሊኑክስ የሚባለውን ሥርዓት የጫነባቸው እሱ ነው። እኛ መጀመሪያ «ምን ጉድ አመጣብን» ብለን አጉረመረምን፤ ኋላ ለመድነው፣ ቫይረሱንም በዚያው ረሳነው።

እናታቸው ስትሞት ሐኪሙ ገና ጥርሱን እየነቀለ ነበር። ፊቱን አጥባ፣ ለፈተና ቀስቅሳ፣ በበሽታው ጊዜ አጠገቡ ተቀምጣ ያሳደገችው እታለም ናት። «እናቴም አባቴም እሷ ናት» ይላል፣ ሰው ፊት ሳያፍር። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ያደረገውን ስትሰሙ ክፉ ነው እንዳትሉብኝ ነው። ክፉ አይደለም፤ ቸኩሎ ነው፣ ትንሽም ፈርቶ ነው።

ነገሩ የጀመረው እታለምን የተወለወለ ደረጃ አንሸራትቷት የቀኝ እጇ አንጓ በተሰበረ ጊዜ ነው። እጇ በጀሶ ታስሮ እቤቷ ስትከርም፣ በዚያው ሰሞን አዳራሹ ቀለም ሊቀባ መስኮቶቹ ተዘጉ፤ ባለጉዳይም ወደ ሌላ ቅርንጫፍ ተላከ። ሥራ ፈተን በተቀመጥንበት አንድ ሰውዬ፣ ዓይኑን አይታ የማታውቀውን ሴት ሚስቴ ናት ብሎ የእኛን ቢሮ የጋብቻ ምስክር ወረቀት ይዞ ተገኘ። ወረቀቱ መንገድ ዳር ፎቶ ኮፒ ቤት የተሠራ ነው። አለቃችን ደም ሥራቸው ተገታተረ። «ከእንግዲህ ማንም የማያስመስለው ወረቀት ሥራልኝ» ብለው ሐኪሙን አዘዙት።

ሐኪሙም ሠራ። የመሥሪያ ቤቱን አርማ ደብዘዝ አድርጎ ከጽሑፉ ሥር አነጠፈው፤ ፊደሉ ከላይ፣ አርማው ከታች፣ አንዱ በሌላው ውስጥ እያሳለፈ ይታያል። አርማችን የስንዴ ዘለላ አለበት። በማጉያ መነጽር ሲያዩት የዘለላዋ ጢም ሳይቀር ይቆጠራል። አለቃችን መነጽሩን ዓይናቸው ላይ ደግነው «ጎበዝ» አሉት። እሱም ለእኔ፣ ለጸሐፊዋ፣ ለዘበኛው ሳይቀር እያዞረ አሳየን። እውነቱን ለመናገር ያምር ነበር።

ቀለሙ ደረቀ፣ መስኮቱ ተከፈተ፣ እታለምም ጀሶው ተፈቶላት አንጓዋን በፋሻ ጠምጥማ ተመለሰች። ማዝገሙም ያኔ ጀመረ።

ድሮ እሷ ጽፋ የማተሚያውን ቁልፍ ስትጫን፣ ወረቀቱ ሙቀቱን እንደያዘ ከሌዘር ማተሚያው ከች ይል ነበር። አሁን ትጫናለች፣ ማተሚያው ላይ ያለችው አረንጓዴ መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች፣ ከዚያ ዝም። ባለጉዳዩ መብራቷን ያያል፣ እሷን ያያል፣ መጨረሻ ላይ ሁሉም የሚያየው ፋሻውን ነው። እሷም እጇን ታያለች። የተጫነች ሳይመስላት ይቀርና እንደገና ትጫናለች። አሁንም ዝም። ደግማ ትጫናለች። ከዚያ ያ የፈረደበት ማተሚያ እንደነቃ ሰው ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ አንዱን ምስክር ወረቀት ደጋግሞ ይተፋዋል።

ሌላ ቢሮ ቢሆን ትርፉን ጨምድዶ መጣል ነው። በእኛ ቤት ግን አንድ የጋብቻ ምስክር ወረቀት ሁለት ሆኖ ወጣ ማለት ትልቅ ጣጣ ነው። ትርፉ አለቃ ፊት ይቀደዳል፤ ለምን እንደተቀደደም አለቃ ይፈርማሉ። አለቃችን ደግሞ ከዚያ ከሐሰተኛው ባል ወዲህ ትርፍ ወረቀት ባዩ ቁጥር ያንቀጠቅጣቸዋል። እታለም ትርፏን ይዛ ቢሯቸው ስትመላለስ ኮሪደሩ ቤቷ ሆነ ማለት ይቻላል። «ምን ሆነዋል እርስዎ?» ይሏታል። እሷ አንገቷን ትደፋለች።

በመጨረሻ ወንድሟን ጠራችው። መጣ፣ ጆሮውን አስጠጋ፣ ቆርቆር አደረገ፤ ከዚያ ማተሚያ ደህና መሆኑን የሚያሳየውን የሙከራ ገጽ አዘዘ። ገጿ ፈትለክ ብላ ወጣች።

«አየሽ? ምንም የላትም» አላት።

«ለእኔ ሲሆን ነዋ የምትለግመው» አለች እየሣቀች።

እሱ አልሣቀም። የሕትመት ወረፋውን ከፍቶ ሲያይ አንዱ ወረቀት ተደጋግሞ ተሰልፏል። «እታለም፣ አንዱን ደጋግመሽ እኮ ነው የምትልኪው። ወረፋውን ያጨናነቅሽው አንቺ ነሽ።»

«እንቢ ሲለኝ ነዋ።»

«አንዴ ተጫኚና ጠብቂ።»

«እሺ። ምናልባት ጣቴ አልታዘዝ ብሎኝ ይሆናል» አለችና ፋሻውን ጠበቅ አደረገች። ሐኪሙ የሙከራ ገጹን አጥፎ ኪሱ ከቶ ሄደ። አንዲት ምስክር ወረቀት እስክትወጣ እንኳ አብሯት አልቆመም።

ብዙም ሳይቆይ ስብሰባ ተጠራ። አለቃችን የትርፉን ወረቀት ነገር አነሡና ወደ ሐኪሙ ዞረው «ማሽኑ ነው ወይስ ሰው?» አሉት። ሐኪሙ ብድግ አለ። እታለም ፊት ለፊቱ ተቀምጣለች። «ማሽኑን መርምሬዋለሁ፣ ጤነኛ ነው» አለ፤ «ችግሩ ያለው ተጠቃሚዋ ጋ ነው።» እህቴ አላለም፤ እታለምም አላለም። ተጠቃሚዋ አለ። እኔ ምላሴን ነከስኩ፤ እንደዚያ ቀን ነክሼው አላውቅም።

ስንወጣ ኮሪደር ላይ ያዝኩት። «ሌላ ሰው ብትሆን ኖሮ እንዲህ ትቸኩል ነበር?» አልኩት።

«እህቱ ስለሆነች ሸፈነላት እንዲሉኝ ነው የምትፈልጊው?»

«ቢሉህስ?»

ስልኩ የጠራ አስመስሎ ጆሮው ላይ አደረገና ሄደ። ስልኩ አልጠራም።

አለቃችን ክፉ ሰው አይደሉም፤ ክፉ ነገር ሲያደርጉም በትሕትና ነው። «እጅዎ እስኪጠና ትንሽ ይረፉ» ብለው እታለምን ምድር ቤት ወዳለው መዝገብ ቤት አዛወሯት። ሥራው የቆየ ፋይል በገመድ ማሰርና አቧራ ማራገፍ ነው። ደመወዟ አልተነካም፤ የተነካው ሌላ ነው። የወንበር ትራሷን፣ መነጽሯንና ኩባያዋን ይዛ ስትነሣ ወደ እኔ ጎንበስ ብላ «አደራሽን፣ ሰው የሞተበትን አታስቁሚ» አለችኝ።

ሐኪሙ ከዚያ በኋላ በምድር ቤቱ ደረጃ በኩል ማለፍ ተወ። ወደ ሽንት ቤት ሲሄድ እንኳ በጓሮ ይዞራል። በዚያው ሰሞን ሚስቱ ሴት ልጅ ተገላገለችለት። አንድ ቀን መዝገብ ቤት ይበርዳል ብሎ ሹራብ አምጥቶላት፣ እንደሚያቃጥል ነገር እጇ ላይ ጥሎላት ሮጦ ወጣ። ትክክል ፈርጃለሁ የሚል ሰው እንዲህ አይሮጥም፤ እኔ ያኔ ይህን አልኩ፣ ለዘበኛው።

በእታለም ቦታ አንዲት ወጣት ተመደበች፤ አዲሷ እንላታለን። ጣቶቿ ቁልፎቹ ላይ ሲሮጡ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ ነው የሚመስሉት። አለቃችን ከኋላዋ ቆመው ፈገግ አሉ። ጽፋ ጨረሰች፣ ተጫነች። አረንጓዴዋ መብራት ብልጭ ድርግም አለች፣ ከዚያ ዝም።

ታዲያ የእሷን እጅ ያየ ሰው የለም። ባለጉዳዩም፣ አለቃችንም «ይሄ ማሽን አርጅቷል» አሉ። እኔም ሐኪሙ ባጠገቤ ሲያልፍ ጠብቄ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ «ልጅቷ ጤነኛ ናት፣ መርምሬያታለሁ» አልኩ። ሰምቷል፤ ጆሮው ቀላ።

አዲሷ እንደ እታለም የምትሸማቀቅ አይደለችም። አንድ ቀን «ጋሼ፣ ና እስቲ እዚህ ወንበር ላይ ቁጭ በል» አለችው፤ «እኔን ባታምን ዓይንህን እመን።» ተቀመጠ። መስኮቱ ላይ እናቷ የሞተችባት ሴት ቆማለች። መቃብር ቦታው ያለ ምስክር ወረቀት አያስገባም፤ ወንድሞቿ ከሬሳው ጋር መኪና ውስጥ እየጠበቁ ነው። ሐኪሙ ስሙን ጻፈ፣ ቀኑን ጻፈ፣ ተጫነ። መብራቷ ብልጭ ድርግም ትላለች። ሴትዮዋ ሰዓቷን አየች፣ ከዚያ የእሱን እጅ አየች። እኔ ዓይኔ እያየ ጣቱ ሄዶ እንደገና ተጫነ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ተጫነ። ማተሚያው በመጨረሻ ሲነቃ የሟቿን ወረቀት እያከታተለ አወጣው።

ሐኪሙ ወረቀቶቹን ይዞ ጣቱን ያይ ጀመር። ሴትዮዋን «እግዜር ያጽናሽ» ብሎ አንዱን ሰጣት። ትርፎቹን ሊያስቀድድ ወደ አለቃ ቢሮ ሲሄድ አካሄዱ የእታለም ሆኖብኝ ዓይኔን መለስኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰውየው ምሳ መብላት ተወ። መጀመሪያ ኬብሉን ቀየረ። ከዚያ ሊኑክሱና ማተሚያው የሚግባቡበትን ድራይቨር አውጥቶ ሌላ ጫነ፤ ያንንም አውጥቶ ሌላ ጫነ። ወረፋውን ባዶ አደረገ፣ ሁሉንም አጥፍቶ አበራ፣ የማተሚያውን ሆድ ከፍቶ በጨርቅ ጠራረገ። ከእያንዳንዱ በኋላ የሙከራ ገጹን ያዛል፤ እሷም ፈትለክ ብላ ትወጣለች። ምስክር ወረቀት ሲያዝ ግን ያው ነው። ጠረጴዛዬ ላይ የሙከራ ገጽ ተቆለለ፤ ጀርባው ላይ የምሳ ትእዛዝ ስጽፍበት ከረምኩ።

«ለምንድን ነው ይቺ ብቻ የምትፈጥነው?» አለ አንድ ከሰዓት፣ እኔን ሳይሆን ወረቀቷን። ቀጥሎ ያደረገው ቀላል ነበር፤ ገና ከመጀመሪያው ሊያደርገው ይችል ነበር። ያልተሞላ ምስክር ወረቀት ከፈተና አንዳንድ ነገር እየቀነሰ ያትም ጀመር። ዙሪያውን ያጠረውን መስመር አነሣ፣ ያው ዘገየ። ሰንጠረዡን አነሣ፣ ያው ነው። የፎቶውን ሳጥን አነሣ፤ መብራቷ አሁንም ብልጭ ድርግም ትላለች። የቀረው ጽሑፉና አርማው ነው። እጁ ማውሱ ላይ ቆመ፤ የገባው ያኔ ይመስለኛል። አርማውን አነሣና ተጫነ። ወረቀቱ እንደ ድሮው ሙቀቱን እንደያዘ ከች አለ።

ሐኪሙ ወረቀቱን አላነሣውም። «አርማው ነው» አለኝ።

«አርማው ምን አደረገ?»

«ፊደል ብቻ ሲሆን ኮምፒውተሩ ለማተሚያው ‹እዚህ ጋ ይሄን ፊደል ጻፍ› ይለዋል፤ ማተሚያው ራሱ ይጽፈዋል። አርማውን ግን እንደ ስስ ጨርቅ ከፊደሉ ሥር እንዲያሳልፍ አድርጌ ነው የሠራሁት። ይሄ ማተሚያ እንደዚያ ያለ የሚያሳልፍ ነገር አይገባውም። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ገጹን በሙሉ፣ ነጥብ በነጥብ፣ አንድ ትልቅ ሥዕል አድርጎ ይልክለታል። እኔ ደግሞ የስንዴዋ ጢም እንዲታይ ብዬ ጥራቱን እስከ ጫፍ ከፍ አድርጌዋለሁ። ማተሚያው ዝም የሚለው ያን ሁሉ እስኪውጠው ነው። የሙከራ ገጿ አርማ የላትም።» «የእታለም ጣት አልሳተም» አለ። «ድሮም አልሳተም።»

እኔ ጥፋተኛ ሳገኝ ዝም የምል ሴት አይደለሁም፤ ያጠራቀምኩት ብዙ ነገር ነበር። ፊቱን ሳየው ግን ሁሉም ጠፋብኝ። ማኅተሜን አንሥቼ ምንም ያልተጻፈበት ወረቀት ላይ መታሁ።

ማከሙ ከመመርመሩ ቀለለ። አርማውን ማሳለፉን አስቀርቶ ገርጣ ባለ ግራጫ ሠራው፤ ጥራቱንም ዝቅ አደረገው። የስንዴዋ ጢም ትንሽ ደበዘዘ፤ ከአለቃችን መነጽር በቀር የናፈቀው የለም። ወረቀቱ እንደገና መክነፍ ጀመረ። አዲሷ አጨበጨበችለት፤ እሱ ጭብጨባውን ሲሰማ የተሰደበ ያህል ፊቱን አዞረ።

ወዲያው አለቃ ቢሮ ገባ። እኔም የሚፈረም ወረቀት ይዤ ነበርና እዚያው ቆሜ ሰማሁ። ሁሉንም ነገራቸው።

«እና አሁን ይሠራል?» አሉት።

«ይሠራል።»

«ታዲያ ምነው ፊትህ ጠቆረ? ደግ አደረግህ እኮ።»

«እታለምን ያለ ጥፋቷ ምድር ቤት ያስወረድኳት እኔ ነኝ። ስብሰባ ላይ ነው የተናገርኩት፤ ስብሰባ ላይ ልመልሰው።»

«ይሄን ያህል ምን ያስፈልጋል? ሰው ይሳሳታል።»

«ሰው ፊት ነው ያዋረድኳት።»

አለቃችን ስብሰባ ጠሩ። ሐኪሙ ቆሞ ተናገረ፤ ስለ አርማው ጀምሮ «ጥፋቱ የእኔ ነው፣ የእህቴ አይደለም» ብሎ ጨረሰ። እታለም ግን አልነበረችም፤ መዝገብ ቤቱን የሚጠብቅላት ጠፍቶ ቀርታለች። አለቃችን «ከፈለጉ ይመለሱ» አሉ። አዲሷም ሌላ መስኮት ይሰጥሻል ስትባል ደስታዋ ነው።

ሐኪሙ «ብቻዬን አልችልም፣ ነይ» አለኝና አብረን ወረድን። እታለም በርጩማ ላይ ተቀምጣ በግራ እጇ ፋይል ታስራለች፤ ቀኙ ጭኗ ላይ ተኝቷል። ሐኪሙ ፊቷ ቁጢጥ ብሎ ከአርማው እስከ ስብሰባው አንድ ሳያስቀር ነገራት። «እጅሽ ምንም አልሆነም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ይቅር በይኝ» አላት።

ትቆጣለች ብዬ ጠበቅኩ። ታለቅሳለች ብዬም ጠበቅኩ። እሷ ግን በግራ እጇ ራሱን ደባበሰችው።

«የእኔ ደግ» አለችው። «ለእኔ ብለህ ራስህን ሰው ፊት አዋረድክ?»

«እታለም፣ እውነቴን ነው።»

«ተው እንጂ። እጄን እኔ አላውቀውም? አንተ ከነገርከኝ ወዲህ ልብ ብዬ ሳየው ይንቀጠቀጣል። ሻይ መቅዳት ትቻለሁ። ልጅህን እንኳ የማላቅፋት ለዚህ ነው።»

«ልጄን?»

«አራስ ልጅ ናት፤ እጄ ቢከዳኝስ? ሚስትህ ቅር እንዳላት አይቻለሁ። ከምጥላት ቅር ቢላት ይሻላል ብዬ ነው።»

ሐኪሙ ተነሥቶ ግድግዳ ተደገፈ። ኋላ እንደነገረኝ፣ እህቱ ልጅቷን ከሩቅ አይታ ስትሄድ ሚስቱ «ቂም ይዛብሃለች» ትለው ነበር፤ እሱም ቂም ነው ብሎ አምኖ፣ ይገባኛል ብሎ ተቀምጧል። «ቂም በሆነልኝ» አለኝ።

«ነይ ውጪና በዓይንሽ እዪ» አላት።

«አልመለስም። ደግሞ ሰው አስቁሜ፣ ደግሞ ትርፍ አውጥቼ፣ ደግሞ ልውረድ? አንዴ ይበቃኛል።»

ያኔ ነው እኔ የተናደድኩት። «እታለም፣ ተነሺ» አልኳት። «ማኅተሙ ኪሴ ውስጥ ነው፤ አንቺ ካልተነሣሽ እኔም አልወጣም። ላይ ያለው ሰው ሁሉ በአንቺ ምክንያት ቆሞ ይዋላ።» ሰው ቆሞ ይዋል ስላት ተነሣች።

ሐኪሙ የድሮ ወንበሯ ላይ አስቀመጣት። አሮጌውን፣ አርማው የሚያሳልፈውን ወረቀት ከፈተና «በቀኝሽ ተጫኚ» አላት። ተጫነች፤ መብራቷ ብልጭ ድርግም አለች፣ ከዚያ ዝም። እታለም «አየህ?» አለች፤ ፊቷ ወደቀ። «ቆይ» አለና ወረፋውን አጥፍቶ እሱ ራሱ ተጫነ። ዝም። አዲሷ ተጫነች፣ ዝም። እኔ በዚህ የማኅተም ክንዴ ተጫንኩ፣ ያው ዝም። ከዚያ አዲሱን ወረቀት ከፈተላት። ጣቷን ልክ ትኩስ ነገር እንደምትነካ አድርጋ አሳረፈችው። ወረቀቱ ከች አለ።

አንሥታ ጉንጯ ላይ አደረገችው። ማንም ሳያዛት እንደገና ተጫነች፤ ወጣ። ደግሞ ተጫነች፤ ወጣ። አለቃችን በሩ ላይ ቆመው ያን ሁሉ ትርፍ እያዩ እንዳላዩ ሆኑ። እታለም ፋሻውን ከአንጓዋ ፈትታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ጥፋቱ እውነትም ያንተ ነው?» አለችው።

«የእኔ ነው።»

«ሙሉ በሙሉ?»

«ሙሉ በሙሉ።»

«ተመስገን» አለች። «እንኳን ያንተ ሆነ።» እንዲህ ስትል ፊቷ ላይ የነበረውን ደስታ ያየ፣ ያን ሁሉ ጊዜ ምን ተሸክማ እንደኖረች ይገባዋል። ሐኪሙም ገባው፤ አብሮ ሊሥቅ ሞክሮ አልሆነለትም።

እታለም ወደ መስኮቷ ተመለሰች። የዚያን ሰሞን ያስቆመችውን ባለጉዳይ ሁሉ ታስታውሳለች፤ ሲመጡ እጇን ከፍ አድርጋ ታሳያቸዋለች። «ያን ጊዜ አንገላታሁዎት አይደል? እጄ አልነበረም እኮ። ወንድሜ ነው ያበላሸው፤ እጄ ደህና ነው» ትላለች፣ ስለ ሠርግ እንደምታወራ ሁሉ። ተንኮል የለባትም። ሐኪሙ እዚያው ካለ ባለጉዳዩ ዞሮ ያየዋል፤ እሱም «እኔ ነኝ» ይላል። ዝም አስብያት ብሎ ለምኖኝ አያውቅም። አንድ ቀን ብቻ «ትንሽ ብትቆጣኝ ምን ነበረበት» አለኝ።

እኔም ሰው በሌለበት ሰዓት ጠየቅኋት። «እውነት ግን አልተቀየምሽውም?»

«በምኑ?»

«በስብሰባው። ሰው ፊት ቆሞ ‹ተጠቃሚዋ› ሲልሽ።»

ወረቀቷን አስተካክላ ደረደረችና «ያን ቀንማ ያዘንኩት ለእሱ ነው» አለች። «ያሳደገችኝ ሰው እጇ ደክሟል ብሎ ሰው ፊት መናገር ቀላል መሰለሽ? እኔን ላለማየት ጣሪያ ጣሪያ ነበር የሚያየው። ምን ያህል ጨንቆት ይሆን እያልኩ ስገላበጥ ነው የከረምኩት። ሌላ ሰው ቢነግረኝ ደግሞ አላምንም ነበር፤ እጄን አውቀዋለሁ። እሱ ስለተናገረ ነው ያመንኩት።»

ቀና ስል ሐኪሙ ከኋላዋ በሩ ላይ ቆሟል፤ ሊቀይር ያመጣውን የማተሚያ ቀለም፣ ቶነሩን፣ ይዟል። ከመቼ ጀምሮ እንደቆመ አላውቅም። ቶነሩን ቀስ ብሎ የእኔ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠና በመጣበት ተመለሰ።

እታለም ዘወር ስትል ቶነሩን አየችው። «ማን አመጣው?»

«ወንድምሽ።»

«ሳያናግረኝ ሄደ?» አለችና መስኮቱን ከፈተች። «ሥራ በዝቶበት ይሆናል።»